«የሼል ዘይት» እና «ዘይታም ሼል» አንድ አይደሉም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሼል ከሚባለው፣ ከደቃቅ ጭቃ ከተጋገረ አለት ስለሚወጣው ነዳጅ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ያነበብኩት የእህቴ ልጅ ገጹን በስልኩ አንስቶ ስለላከልኝ ነው። ከሥሩ «አጎቴ፣ አንተ የሠራህበት ይኼ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። ለእሱ አጭር መልስ መጻፍ ጀምሬ እየረዘመብኝ ሄደ። ጽሑፉን ያነበበው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ሳስብ ደግሞ ወደ እናንተ አዞርኩት።

ሥራዬ የጉድጓድ ጂኦሎጂስትነት ነበር። በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ባከን በሚባለው የአለት ንብርብር ላይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መሰርሰሪያው ከምድር በታች ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚፈጨውን አለት የቁፋሮው ፈሳሽ ይዞት ይወጣል። እኔ ያንን ፍርፋሪ ተቀብዬ፣ አጥቤና በማይክሮስኮፕ አይቼ፣ ያለንበት ንብርብር የትኛው እንደሆነ ለቆፋሪዎቹ እነግራለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አለቱ ነው፤ ስለ ገበያውና ስለ ፖለቲካው ያላችሁትን አልነካም። ዋናው ቅሬታዬ ዘይት ያለበትን አለትና ገና ዘይት ያልሆነ ቁስ ብቻ ያለበትን አለት፣ ስማቸው ስለተመሳሰለ፣ በአንድ ሠንጠረዥ መደባለቃችሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመግቢያችሁ «ከሼሉ ሥር የተኛ የነዳጅ ሐይቅ» የሚል አለ። ከመሬት በታች እንዲህ ያለ ሐይቅ የለም። በየትኛውም የነዳጅ መስክ፣ ዘይቱ የሚገኘው ውሃ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ እንደሚገኘው ሁሉ በአለቱ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ነው። የቆዩት መስኮች ከሼሉ የሚለዩት ዘይቱ በተጓዘው መንገድ ነው። በእነሱ ዘይቱ ከተፈጠረበት አለት ወጥቶ፣ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ እየተንሳፈፈ፣ የማያሳልፍ አለት እስኪያግደው ድረስ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ጉድጓዱ እዚያ የተጠራቀመበት ቦታ ሲደርስ በገዛ ግፊቱ ይፈልቃል ወይም በፓምፕ ይሳባል። በሼሉ ግን ዘይቱ ከተወለደበት ቤት አልወጣም፤ ቢወጣም ከጎረቤት አላለፈም። አስቸጋሪነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ባከን ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። በውሃው ውስጥ የኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ሲሞቱ ኦክስጅን ወደሌለበት ጥልቅ ጭቃ ዘቀጡ። ኦክስጅን ባለመኖሩ አልበሰበሱም፤ ከጭቃው ጋር ተጋግረው ቀሩ። ከላያቸው በየዘመኑ የተደራረበው ደለል ወደ ታች ሲጫናቸው ሙቀቱ ጨመረ፤ የአልጌው ቅሪትም ኬሮጅን ወደሚባል ጠጣር ቁስ ተለወጠ። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ 120 ሲጠጋ ኬሮጅኑ እየተሰባበረ ዘይት ይሆናል። ከዚያ በላይ ከጋለ ዘይቱም ይሰባበርና ጋዝ ይሆናል።

ኬሮጅን ወደ ዘይት ሲለወጥ የሚይዘው ቦታ ይሰፋል። የሚሰፋበት ክፍተት ስለሌለው ግፊቱ ያይላል፤ አለቱን ከውስጥ እየሰነጠቀ ዘይቱን በአጠገቡ ወዳለው ንብርብር ይገፋዋል። በባከን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ባከን ሦስት ክፍል አለው፦ ከላይ ጥቁር ሼል፣ ከታች ጥቁር ሼል፣ በመካከላቸው ግራጫ አለት። መካከለኛው በአመዛኙ ደቃቅ አሸዋ፣ ደለልና ዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ ዘመድ የሆነ አለት) የተቀላቀለበት ሲሆን ሼል ሊባል አይችልም። ሦስቱም ተደምረው በወፍራሙ ቦታ እንኳን 50 ሜትር አይሞሉም። ዘይቱን ያመረቱት ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው፤ እኛ የምንቆፍረው ግን ግራጫውን ነበር። «የባከን ሼል ዘይት» እያለ ዓለም ሁሉ የሚጠራው ነዳጅ በአብዛኛው የሚቀዳው ሼል ካልሆነ አለት ነው። ብዙ ባለሙያዎች «የጠባብ አለት ዘይት»፣ ማለትም ክፍተቶቹ ጠባብ ከሆኑ አለት የሚወጣ ዘይት፣ ማለትን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ እናንተም ይህንን ስም ብትለምዱት ደስ ይለኛል።

ይህንን ልዩነት እኔ የተማርኩት በአንድ ሌሊት ጥፋት ነው። ጉድጓዱ ቁልቁል ወርዶ፣ ቀስ በቀስ ታጥፎ፣ ከዚያ በግራጫው አለት ውስጥ ወደ ጎን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነበረበት። ልንሄድበት የሚገባን ንጣፍ ከፍታው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። የጋማ ጨረር የሚለካው መሣሪያ በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ አይደለም፤ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚነግርህ ያለፍከውን እንጂ የደረስክበትን አይደለም። ጥቁሩ ሼል ዩራኒየም ስላለበት ጨረሩ ከ200 አሃድ በላይ ይዘላል፤ የግራጫው ዝቅተኛ ነው። እኔ ንብርብሩ ወደ ሰሜን በአንድ ዲግሪ ያዘነብላል ብዬ ገምቼ ነበር። በተግባር ግን ዝንባሌው ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ በ1 ሺሕ ሜትር ጉዞ ግን 17 ሜትር ያህል ስሕተት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ወንፊቱ ላይ የመጣው ፍርፋሪ ጥቁር ነበር፤ ጣቴ ላይ ጥላሸት የመሰለ ምልክት ተወ። ጋዙም አሻቀበ። ጋዝ ሲያሻቅብ መልካም ዜና ይመስላል፤ እኔም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያ አሰብኩ። ጨረሩ ሲከተል ነው ከታችኛው ሼል ውስጥ እንደገባን የገባኝ። ሼሉ ደግሞ ለቆፋሪ አይታመንም፤ እየተላጠ በዘንጉ ላይ ይፈርሳል። ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ያንን ክፍል ትተን፣ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ከፈትን። ሁለት ቀን ሙሉ የበላን እኔ በዘይት የተሞላውን አለት ዘይት ከሚሰጠው አለት ጋር በማምታታቴ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሼሉ በነዳጅ የበለጸገ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ያ ጥቁር ፍርፋሪ ይታየኛል።

ተመሳሳይ ነገር ከእኔ በፊት በመስኩ ሁሉ ደርሷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ጎን የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ የባከን ጉድጓዶች የተነጣጠሩት በላይኛው ሼል ላይ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የተፈጥሮ ስንጥቅ አግኝተው ሰጡ፤ በብዙው ቦታ ግን አሳፈሩ። በ2000 በሞንታና ግዛት ኤልም ኩሊ በተባለው መስክ ዶሎማይት የበዛበት መካከለኛው ክፍል ሲቆፈር ነው ነገሩ የተለወጠው። ስድስት ዓመት ቆይቶ በሰሜን ዳኮታ ፓርሻል የተባለው መስክ ተከተለ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1995 ከባከን ሊወጣ ይችላል ያለው 151 ሚሊዮን በርሜል ነበር፤ በ2008 ወደ 3.65 ቢሊዮን ከፍ አደረገው። በእነዚያ 13 ዓመታት ከምድር በታች አንድም ጠብታ አልተጨመረም። የተለወጠው ሰው ስለ አለቱ ያለው ዕውቀትና የቁፋሮው ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ጠባብነቱ ልምጣ፤ ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈው ይኼን ነው። አንድ አለት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ምን ያህል ክፍተት አለው? ክፍተቶቹስ ምን ያህል ይገናኛሉ? የመካከለኛው ባከን ክፍተት ከመጠኑ 5 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ክፉው ሁለተኛው ነው። የአለት አሳላፊነት የሚለካው በዳርሲ ነው፤ ስሙ የተወሰደው የዲዦን ከተማ ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ጥናቱን በ1856 ካሳተመው ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ከሄንሪ ዳርሲ ነው። ጥሩ የአሸዋ ድንጋይ ከአንድ ዳርሲ ጥቂት ያነሰ ወይም የሚበልጥ ይሆናል። መካከለኛው ባከን የዳርሲ አንድ ሺሕኛ እንኳን አይደርስም፤ የዚያ መቶኛ ክፍልፋዮች ነው። ሼሉ ራሱ የሚለካው በናኖዳርሲ፣ ማለትም በዳርሲ ቢሊዮንኛ ነው። ክፍተቶቹን የሚያገናኙት ጉሮሮዎች በሼል ውስጥ ከ5 እስከ 100 ናኖሜትር ያህል ናቸው፤ የሰው ፀጉር ውፍረቱ ወደ 80 ሺሕ ናኖሜትር ይጠጋል። በድፍድፍ ዘይት ውስጥ ያሉት ትላልቅ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲያያዙ በእነዚህ ጉሮሮዎች ለማለፍ ይጨናነቃሉ።

ይህንን በዓይን ለማየት ለሚፈልግ፣ የሰሜን ዳኮታ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በግራንድ ፎርክስ ከተማ የአለት ናሙና ማከማቻ አለው። ከግዛቱ ጉድጓዶች የወጣው ሲሊንደር አለት በየሳጥኑ ተደርድሮ ተቀምጧል። እዚያ ከመካከለኛው ባከን የተቆረጠ አንድ ክንድ የሚያህል ናሙና በእጄ ይዣለሁ። ግራጫ፣ ከባድ፣ ደረቅ ነው። እጅ ላይ ምንም አይለቅም። መንገድ ላይ ብታገኙት ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ነው የምትሉት። መብራቱ ጠፍቶ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት ግን ከዳር እስከ ዳር ወርቅማ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ያ ሁሉ ዘይት ነው። አንዱም ጠብታ በራሱ አይወጣም። ያቺን ቅጽበት ለእህቴ ልጅ ባሳየሁት ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ፤ ቢያያት ይህ ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር።

ለማውጣት ውሃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ተረጭቶ አለቱ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። ይህንን በደንብ ጽፋችኋል። ያልተጻፈው፣ ስንጥቁ የሚከፈተው በሰው ፈቃድ ሳይሆን በምድር ጫና አቅጣጫ መሆኑ ነው። አለቱ የሚሰነጠቀው ጫናው አነስተኛ በሆነበት አቅጣጫ እየተከፈተ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ በዚያው በአነስተኛው ጫና አቅጣጫ ይቆፈራል፤ ስንጥቆቹም እንደ መሰላል መወጣጫ ያቋርጡታል። ሌላው የአለቱ ባሕርይ ነው። ሸክላ የበዛበት አለት እንደ ሊጥ ይለመጣል፤ አሸዋውንም ውጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል። ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ቁስ) ወይም ኖራ የበዛበት ግን ይሰበራል። በቴክሳስ ያለው ባርኔት ሼል ይሰነጠቅ የነበረው በከፊል በጥንቱ ባሕር ከኖሩ፣ ስፖንጅና ራዲዮላሪያ ከሚባሉ ፍጥረታት ቅሪቶች የተገኘ ሲሊካ ስላለበት ነው። የአሜሪካዊው ነዳጅ አውጪ የጆርጅ ሚቸል ኩባንያ የመጀመሪያውን የባርኔት ጉድጓድ በ1981 ቆፍሮ፣ በብዛት ውሃ የሚሰነጥቅበትን ርካሽ መንገድ ያገኘው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ወስዶበታል። በባርኔት ሥር ኤለንበርገር የሚባል ውሃ ያዘለ የኖራ ድንጋይ አለ። በመካከላቸው ሌላ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ በሌለበት ቦታ ስንጥቁ ወደ ታች ይዘልቅና በጋዝ ፈንታ ውሃ ይመጣል። «ሼል ሁሉ ያው ነው» ለሚል ሰው ይኼን አሳዩልኝ።

በደቡብ ቴክሳስ ያለው ኢግል ፎርድ ደግሞ በአብዛኛው ኖራማ አለት ነው፤ ሸክላው ያነሰ ነው። እሱን የምወደው የሙቀቱን ታሪክ በአንድ ካርታ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ንብርብሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየጠለቀ ይሄዳል። ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነበት በሰሜን ምዕራብ ዘይት ይገኛል፤ ቀጥሎ ቀላል ዘይት የተቀላቀለበት ጋዝ፤ በጥልቁ ጫፍ ደረቅ ጋዝ ብቻ። አለቱ አንድ፣ ባሕሩ አንድ፣ ልዩነቱ የወረደበት ጥልቀት ነው።

ይኼው ነገር ወደ ዋናው ስሕተታችሁ ያደርሰኛል። በጽሑፉ ሦስተኛ ዓምድ ላይ የኢስቶኒያና የኮሎራዶ አለት ከባከን ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ተደርድሯል። እነዚያ ዘይታም ሼል ናቸው፤ በውስጣቸው ዘይት የለም። ኬሮጅኑ እንደ ጥሬ ተቀምጧል፤ ምድር አላበሰለችውም። የኮሎራዶ፣ የዩታና የዋዮሚንግ ግሪን ሪቨር ንብርብር ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሐይቆች የተቀመጠ ነው። የኢስቶኒያው ኩከርሳይት ከ450 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ከባከን ይበልጣል፤ ግን በጥልቅ ተቀብሮ ስለማያውቅ እስከ ዛሬ ጥሬ ነው። አገሪቱ እንደ ድንጋይ ከሰል በኃይል ማመንጫ ታቃጥለዋለች። ዘይት ይሁን ከተባለ ምድር በሚሊዮን ዓመታት የምታደርገውን ሰው በምድጃ ማድረግ አለበት፦ አለቱን አውጥቶ፣ ፈጭቶ፣ ወደ 500 ዲግሪ ማሞቅ። ወጪው ምን እንደሆነ ኮሎራዶ ታውቀዋለች። የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን፣ ኮሎኒ የተባለውን የዘይታም ሼል ፕሮጀክት በግንቦት 2 ቀን 1982 ሲዘጋ ከሁለት ሺሕ በላይ ሠራተኛ በአንድ ቀን ሥራ አጥቷል። በስም መመሳሰል ብቻ እነዚህን ሁለቱን መደመር ያልተወለደውን ልጅ ከጎልማሳ ጋር እንደ መቁጠር ነው።

ስለ አኃዞቹም አንድ ነገር ልበል። በአለቱ ውስጥ አለ የሚባለውንና ሊወጣ የሚችለውን አንድ አድርጋችሁ አትማችኋል። በጠባብ አለት ከመቶ በርሜል የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ያነሰ ነው። ጉድጓዱም በመጀመሪያው ዓመት ከምርቱ ከግማሽ በላይ ይጥላል፤ ስንጥቁ ውስጥና አጠገቡ ያለው ዘይት ቶሎ ይመጣና የቀረው በእነዚያ ናኖሜትር ጉሮሮዎች ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። ጉድጓድ ሳይቆፈር ከካርታ የሚገመት አኃዝ ምን ያህል እንደሚያስት የካሊፎርኒያው ሞንቴሬይ ምስክር ነው። የአሜሪካ የኃይል መረጃ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ዘገባ 15.4 ቢሊዮን በርሜል ተባለ፤ በ2014 ራሱ መሥሪያ ቤቱ ወደ 0.6 ቢሊዮን ዝቅ አደረገው። 96 በመቶው ተሰረዘ። ሞንቴሬይ ለካሊፎርኒያ ታላላቅ መስኮች ዘይት ያመነጨ አለት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የመሬት መጨናነቅ አጣጥፎታል፤ ስብራቶች ቆራርጠውታል። በስብራቶቹ በኩል ብዙው ዘይት ድሮ ወጥቶ ወደ እነዚያ መስኮች ሄዷል። ጠፍጣፋና ያልተነካካ ባከንን አይቶ ለሞንቴሬይ መፍረድ አይቻልም። በፖላንድም በ2011 በ5.3 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ የተገመተውን ጋዝ፣ የአገሪቱ የጂኦሎጂ ተቋም በ2012 ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ብሎታል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ቆፍረው፣ አይተው፣ ወጥተዋል።

ስለ ኦክላሆማ የመሬት መንቀጥቀጥ የጻፋችሁትም ጥቂት መስተካከል አለበት። በመስከረም 2016 ፓውኒ አካባቢ የተከሰተውና 5.8 የተመዘገበው ከአለት መሰንጠቁ የመጣ አይደለም። ከዘይቱ ጋር የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ አርበክል በሚባል ጥልቅ ንብርብር ውስጥ መልሶ በብዛት መክተት ግፊቱን ከፍ አድርጎ የቆዩ ስብራቶችን አንሸራትቷል። ጉዳቱ አልቀነሰም፤ መንስኤው ግን ሌላ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ይሆናል። ይህ ውሃ ተራ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ የባከኑ ከባሕር ውሃ እስከ አሥር እጥፍ ሊጨውም ይችላል። በአፈር ላይ ቢፈስስ ለብዙ ዓመት ምንም አያበቅልም። ይህንን በሰፊው ብትጽፉበት ከሐይቁ ወሬ ይልቅ ይጠቅማል።

የምለምናችሁ ሦስት ማስተካከያ ነው። «የነዳጅ ሐይቅ» የሚለው ይውጣ። የኢስቶኒያና የኮሎራዶ አኃዞች ከሠንጠረዡ ተለይተው «ዘይታም ሼል» በሚል ርእስ ለብቻ ይቀመጡ። በባከን መስመር ላይ ያለው አኃዝ በአለቱ ውስጥ ያለው ይሁን ወይስ ሊወጣ የሚችለው፣ በግልጽ ይጻፍ። ሠንጠረዡን ስታርሙ መረዳዳት ቢያስፈልግ ጊዜ አለኝ፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የተነሳ የግራጫውን አለት ፎቶግራፍም ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት የጥቁር ገደል ሥዕል ፈንታ ይህንን እንድታትሙት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጉድጓድ ጂኦሎጂስት የነበርኩ አንባቢያችሁ